ቀናቸው ሳይደርስ የተጻፉ ደብዳቤዎች

ከሚሴ፣ ሰኔ 8 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቡበከር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ከርመሃል? እኔ ሁልጊዜ በዚህ እጀምር ነበር፤ አንተም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» እያልክ ትመልስልኝ ነበር። አሁን እንዴት እንደከረምክ ከአንተ በቀር ሁሉም ሰው ነግሮኛል። ሚያዝያ 12 ቀን ደሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሞተሃል። በማግስቱ ጨፋ ሮቢት ተቀብረሃል። እኔ የሰማሁት ግንቦት 29 ነው። አርባ ሰባት ቀን።

የአሥረኛ ክፍል ፈተናዬ ባለቀ በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አባ፣ እህታችን ሳቢራና አራት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አከራያችን ዘሃራ ከኋላቸው ናት። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። «ማን ነው?» አልኩ። አባ ስምህን ጠሩ። ሳቢራ ጥቁር ሻሿን ከከረጢት አውጥታ አሰረች። ሻሹ አዲስ አልነበረም፤ ሲታጠብ ሲታጠብ የነጣ ነበር። ያን ጊዜ ነው ዛሬ እንዳልሞትክ የገባኝ።

ከሚሴ ሙሉ ያውቅ ነበር። ዘሃራ ታውቃለች። ጠጉር አስተካካዩ ያውቃል። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሳዳም ያውቃል። አንድ እኔ ብቻ ነበርኩ ወንድም ያለኝ።

ይህም ይሁን፤ ለፈተናው ብለው ነው ብዬ ልተወው እችል ነበር። ግን አባ የነገሩኝ ሌላ ነው። «እኛ አይደለንም፣ ራሱ ነው ያዘዘው» አሉኝ። «ከፈተናው በፊት እንዳትነግሩት ብሎ ደብዳቤዎቹን ሆስፒታል ተኝቶ ጻፋቸው። ቀን ቀን ሰጥቶ በየተራ አድርሱለት አለን።» ስለዚህ ሚያዝያ 18 ብለህ የጻፍከው ሚያዝያ 18 አልተጻፈም። የግንቦቱም ግንቦት አልተጻፈም። እኔ ከሞተ ሰው ጋር ስከራከር ከርሜያለሁ፤ አንተም ይህ እንደሚሆን እያወቅህ ነው የተኛኸው።

ቀብርህ ላይ ኢማሙ እንደ ደንቡ «የበደለው ሰው ካለ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት» ብለው ጠይቀው ሁሉም «አውፍ ብለነዋል» ብሏል። እኔ አልነበርኩም። አሁን አባ «ያንተ ብቻ ነው የቀረበት፤ አውፍ በለው ልጄ፣ ሸክሙ ይቅለልለት» ይሉኛል። በሰው ሁሉ ፊት «አልልም» አልኩ። መቃብርህንም ሊያሳዩኝ ሲሉ አልሄድኩም።

የተጻጻፍናቸውን ሁሉ በየቀናቸው ደርድሬ ከዚህ በታች አድርጌያቸዋለሁ። የኔዎቹን ያገኘኋቸው ሳቢራ ሳጥን ውስጥ ነው። እስኪ አንብባቸው።

ኸይረዲን


ደሴ፣ ጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኸይሩ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ከብርዱ በቀር ደሴ ደህና ነው። መምህራችሁ ዘይቤዎቹን በቃላችሁ አጥኑ በማለታቸው አትደንግጥ። ሲሚሊ፣ ሜታፎር ሲባል የሩቅ አገር ነገር መስሎህ ነው እንጂ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነጻጻሪና ተለዋጭ ያላችኋቸው ናቸው። ዘሃራ እንስራው ጋ ስታገኝህ «ይኼ ልጅ እንደ ባቲ ግመል ይጠጣል» አትልህም? «እንደ» ስላለች ሲሚሊ ነው። «ደግሞ ይኼ ግመል መጣ!» ያለችህ ቀን ሜታፎር ነው። መሰደብህ ካልቀረ በየትኛው እንደተሰደብክ ለይተህ እወቅ።

የመጽሐፉን ምሳሌ አትገልብጥ። «እንደ በግ የዋህ» ብለህ እንዳትጽፍልኝ። የኛን በግ አታውቀውም? ባለፈው ክረምት አባን ወግቶ ቦርከና ወንዝ ውስጥ የከተታቸውን?

ዘይቤ ውሸት አይደለም ወይ ብለሃል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ሁለት ቀን አሰብኩበት። ዘሃራ ግመል ስትልህ እሷም ሰው መሆንህን ታውቃለች፣ አንተም ታውቃለህ። ሁለታችሁ አብራችሁ የምታውቁት ነገር ውሸት አይባልም። ውሸት የሚሆነው አንዱ ብቻ ሲያውቀው ነው።

ክፍላችን ውስጥ ብቻህን መኖሩ ከከበደህ ፍራሼን ወደ መስኮቱ ሳበውና መጽሐፍ ደርድርበት፤ ሰው ያለ ይመስላል። ከስቷል ብሎ የነገረህ ማን ነው? የኮሌጁ ካፌ ምግብ ነው። ለሳቢራ እንዳትነግራት።

አቡበከር


ደሴ፣ መጋቢት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኸይሩ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ትንሽ ደከም ብሎኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል። ጎኔን ያልከው ድሮም ያመኝ ነበር፤ አዲስ አይደለም። ጽሕፈቴ የተንጋደደው ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ነው።

ከላክህልኝ ዝርዝር ውስጥ ዩፈሚዝም የሚለውን ለጊዜው ዝለለው። መራራውን ነገር በለስላሳ ቃል መሸፈን ማለት ነው፤ ብዙም አያስቸግርህም። ሌሎቹን ግን አንድ በአንድ እጽፍልሃለሁ።

ለመውሊድ ስለመምጣቴ፦ አላህ ካለ።

አቡበከር


ደሴ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኸይሩ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዛሬ ስለ ሃይፐርቦሊ ነው፤ በአማርኛ ግነት። ባቲ ገበያ ቆመህ ብትሰማ መምህር አያስፈልግህም። ፍየል ሻጩ «ይቺን ፍየል የገዛ መቶ ቤት ወተት ያጠጣል» ይላል። ገዢው ደግሞ «ወተቱ ይቅርና ትንፋሿ መቼ አለ? ነፋስ ነው ደግፎ ያቆማት!» ይለዋል። ሁለቱም ፍየሏን እያዩ ነው። ማንም አልተታለለም፤ ሻጩ መሸጥ መፈለጉን፣ ገዢው ማስቀነስ መፈለጉን ነው የተናገሩት። ፈተና ላይ ቁጥሩን አትመነው፤ ከጀርባው ያለውን ስሜት ፈልገው።

ሌላ ሐሳብ አይግባህ። አባ ወደ ከሚሴ ሲመጡ ጭነቱን አውርድላቸው፤ ወገባቸው አንተ እንደምታስበው አይደለም።

አቡበከር


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቡበከር፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤህን ሳቢራ አመጣችልኝ። የሚኒባስ ሾፌር ነው የሰጠኝ አለች። የፍየሏን ለሳዳም ባነበው እንደ ድሮው ይስቃል ብዬ ነበር። ድሮ ቢሆን «ወንድምህ በደብዳቤ የሚያስተምር ኮሌጅ ከፈተ እንዴ? እኔንም መዝግበኝ» ይለኝ ነበር። አሁን «ጥሩ ነው» ብሎ ወደ ውጭ ወጣ።

ለመውሊድ ትመጣለህ ብዬ ጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክልኝም። ጎንህስ? ስለሱም አልጻፍክም። የጻፍከው ስለ ፍየል ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አስከሬን የጫነ አይሱዙ በደሴ በኩል መጥቶ በትምህርት ቤቱ በር አለፈ። መምህራችን አስወጥተው መንገድ ዳር አሰለፉን። ቀድሜ ወጥቼ ነበርና ከፊት ልቆም ስል ሳዳም ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ፀሐይ ነው፤ ራስህን ያምሃል» አለኝ። ስለ ራሴ ተጨንቆ አያውቅም። መኪናው በጣም ቀስ ብሎ ነው የሄደው። የማን አስከሬን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ሁላችንም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልን። እኔም አልኩ።

ከዚያ ሳምንት ወዲህ ዘሃራ ቁርስ ታቀርብልኛለች። ጠጉር አስተካካዩም «ተፈታኝ አይከፍልም» ብሎ ገንዘቤን መለሰልኝ። ለአሥረኛ ክፍል ሰው እንዲህ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። አንተ ስትፈተንም እንዲህ ነበር?

መልስልኝ።

ኸይረዲን


ደሴ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኸይሩ፣

ሰላም ነህ? ዛሬ ስለ አይረኒ ነው፤ ምጸት ይሉታል። ብዙ ዓይነት አለው፤ ከባዱ ይኼ ነው። አንድ ልጅ ናፍቆቱን ሊወጣ አባቱን ፍለጋ ከጨፋ ወደ ከሚሴ ይሄዳል እንበል። አባትየውም በዚያው ሰዓት ልጁን ሊያይ ከከሚሴ ወደ ጨፋ ይሳፈራል። ሁለቱ መኪናዎች መንገድ ላይ ጥሩንባ ተነፋፍተው ይተላለፋሉ። ልጁ በመስኮት ያያል፣ ግን አባቱን አያይም። መንገድ ዳር ቆሞ ሁለቱንም ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ምጸት የሚያሳዝነው ስለዚህ ነው፦ የሚያውቀው ሰው መጮህ አይችልም።

ይህን ደጋግመህ አንብበው።

አቡበከር


ከሚሴ፣ ግንቦት 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

አቡበከር፣

ሦስት ጊዜ ጠየቅኩህ። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? መውሊድ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። አንተ ስለ ሁለት መኪና ትጽፍልኛለህ። ሳነበው ማንን እንደምታናግር አላውቅም፤ እኔን ግን አይደለም። የጠየቅኩህን አንዲት ነገር እንኳ አላነሳህም። የደብዳቤዎችህ ወረቀት ሁሉ ከአንድ ደብተር ነው፣ ቀለሙም አንድ ነው። በአንድ ቀን ተቀምጠህ ለግልግል የጻፍካቸው ይመስላሉ።

ገብቶኛል። ደሴ ገብተህ ከሰው ገጠምክ። የገበሬ ልጅ መሆንህ፣ ኦሮምኛ የተቀላቀለበት አማርኛችን፣ እኔም አሳፈርንህ። እናታችን ከሞተች ወዲህ አንተ ነበርክ የቀረኸኝ። አሁን የለህም። ማንም ቢጠይቀኝ ወንድም የለኝም እላለሁ። ከእንግዲህ ዘይቤህን ለራስህ ያዘው።

ኸይረዲን


ጨፋ ሮቢት፣ ግንቦት 9 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይሩ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ። አቡበከር ለመውሊድ ያልመጣው ትምህርት በዝቶበት ነው። የተቆጣኸው ደርሶታል። አልተቀየመህም። እሱ ከእንግዲህ በማንም አይቀየም።

ከስተሻል ላልከኝ ጾም ይዤ ነው። በከረጢቴ ያየኸው ጥቁር ሻሽ የጎረቤት ለቅሶ ነበረና ነው። አባ ስልክ ቤት ይዘውህ እንዲሄዱ ጠይቀሃል፤ የኮሌጁ ስልክ ተበላሽቷል አሉ። ደሴ ልሂድ ያልከውን ግን እንዳታስበው፤ አባን ትገድላቸዋለህ። አሥራ ስድስት ቀን ነው የቀረህ። ለኔ ስትል አጥና።

እህትህ ሳቢራ


ደሴ፣ ግንቦት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለኸይሩ፣

ይህ የመጨረሻው ነው። አፖስትሮፊ ይባላል፤ በአማርኛ እንቶኔ። የሌለን ሰው፣ ወይም የማይሰማን ነገር፣ ፊት ለፊት እንዳለ አድርጎ ማናገር። አባ ሰግደው ሲጨርሱ «ዘይና፣ አየሽ ልጆችሽን?» የሚሉት ነው። እናታችን እንደማትመልስላቸው ያውቃሉ፤ ግን ያንን ካላሉ ከስግደታቸው አይነሱም። ስለዚህ የሚያናግር ሰው ሞኝ አይደለም።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ፈተናህን ተረጋግተህ ሥራ። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ፣ ጊዜህ ይባክናል። መብራቱን ሳታጠፋ እንዳትተኛ፤ ዘሃራ ትቆጣለች። ኸይሩ፣ በርታ።

ወንድምህ አቡበከር


ከሚሴ፣ ሰኔ 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአቡበከር፣

ባለፈው ስጽፍልህ ያስቀረሁት ነገር አለ። የእንግሊዝኛው ፈተና ላይ ስምንት የዘይቤ ጥያቄዎች መጥተው ነበር። ስምንቱንም ሳላነብ «ሲ» አጠቆርኩ። አንተን መቅጣቴ ነበር። ውጤቴን ስትሰማ ታፍራለህ ብዬ ነው።

ለቅሶው ላይ አባ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ጥሩ ሠራሁ» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያስ በከንቱ አልደበቅንህም» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌዎች «አሚን» አሉ። ከዚያ በኋላ አባ ማር ይዘው ቢመጡ፣ አልጋቸውን ቢለቁልኝ፣ ምንም ሊዋጥልኝ አልቻለም።

ሳቢራ እስከ ትናንት እዚህ ከኔ ጋር ነበረች። ልብስህን አጣጥፋ ስትጨርስ ወደ ጨፋ ተመለሰች። ስለዚህ ዛሬ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ብቻዬን መኖር ድሮም አውቅ ነበር፤ ድሮ ግን ደሴ ላይ አንድ ሰው ነበረኝ።

ሱብሒ ሰገድኩና ሸሚዜን ለበስኩ። ዘሃራ በር ላይ አገኘችኝ።

«አካም ቡልቴ፣ ኸይሩ? እንዴት አደርክ? ቁርስ ላምጣልህ?»

«ዛሬ ይቅርብኝ፣ እትዬ ዘሃራ።»

«ባዶ ሆድህን ወዴት ነው?»

«አባ ጋ።»

«በሰላም ነው?»

«አላውቅም» አልኳት። ከመርዶው ወዲህ ለሰው የተናገርኩት የመጀመሪያው እውነተኛ መልስ ያ ነበር።

መናኸሪያው ላይ ረዳቱ «ጨፋ ሮቢት! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ይላል። ገባሁ። ሌላ አምስት ሰው ጠብቀን ወጣን።

አባን ማሽላው ውስጥ አገኘኋቸው፤ ይኮተኩታሉ። ሲያዩኝ ደነገጡ። በዚህ ዓመት በማለዳ የሚመጣ ሰው ያስደነግጣቸዋል።

«ምን ሆነሃል?»

«አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ፈተናውን ጥሩ አልሠራሁም።» ስለ ስምንቱ ጥያቄ ነገርኳቸው።

«ስምንት ብቻ?»

«ስምንት።»

«ሌላውን አንብበህ ሠርተሃል?»

«ሠርቻለሁ።»

«ታዲያ ፊትህ ሁለት መቶ የጣልክ ይመስላል» አሉ። ሊስቁ ነበር፤ አልሆነላቸውም። መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ለምን ሳታነብ?»

«በአቡበከር ተናድጄ።»

  ከዚያ እኔን ሳይሆን ማሽላውን እያዩ ነገሩኝ።

«እሱ አይደለም ደብቁት ያለው። ‹ኸይሩን አምጡልኝ› ነው ያለው። ሦስት ቀን ለመነኝ። ‹ፈተናው ደርሷል፤ አንተን እንዲህ ሆነህ ካየ መጽሐፍ አይገልጥም› አልኩት። ‹ጠዋት መጥቶ ማታ ይመለሳል፣ አንዴ ብቻ› አለ። እምቢ አልኩት። በአራተኛው ቀን መለመኑን ተወና ወረቀት ጠየቀ። ‹እንግዲያስ ሳይጠራጠር እንዲፈተን ላድርገው› አለ። እጁ እምቢ ሲለው ሳቢራ ክንዱን ትደግፍለት ነበር።»

«እሱ ነው ያዘዘው አላሉኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ለምን?»

«በሞተ ሰው ላይ ቂም አይበረታም ብዬ ነው። እኔ ገና ካንተ ጋር መኖር አለብኝ።»

አቡበከር፣ አባ ሲያለቅሱ እናታችን ስትሞት እንኳ አላየሁም። ለቅሶ ላይ ወንዶቹን ሁሉ ዝም የሚያሰኙት እሳቸው ነበሩ። አሁን በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ይዘው «አውፍ ትለኛለህ?» አሉኝ።  ሦስት ቀን ስትለምናቸው ነበር የታየኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ከሚሴ ቁጭ ብዬ ስለ ሲሚሊ ማስታወሻ እገለብጥ ነበር። በሚኒባስ ግማሽ ቀን የማይፈጅ መንገድ ነው።

«መቃብሩን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

ፊት ፊት ሄዱ፣ እኔ ከኋላ ተከተልኩ።  የመቃብሩ አጥር ጋ ስንደርስ በእጃቸው አሳዩኝና እሳቸው ከውጭ ቀሩ። «ሁለተኛው ነው፤ ከእናትህ ቀጥሎ» አሉ።

አፈሩ ዝናብ መትቶት ጠፍጥፏል። ከራስጌህ ያለው ድንጋይ አጋድሎ ነበር፤ ቀና አድርጌ ሥሩን በእጄ ጠቀጠቅኩት። ዱዓ አደረግኩልህ። ከዚያ ጮክ ብዬ፣ አጥሩ ጋ እንዲሰማ አድርጌ፣ «አልበደልከኝም፤ አውፍ የምልህ ነገር የለኝም» አልኩህ። ቀስ ብዬ ደግሞ፣ ላንተ ብቻ፣ «ግንቦት 3 የጻፍኩትን አንተ አውፍ በለኝ» አልኩህ። ወንድም የለኝም ያልኩትን።

ስነሳ አባ እዚያው ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል፤ ግን አልገቡም። አውፍ አላልኳቸውም። እስከ መቼ እንደማልላቸውም አላውቅም። ግን ካንተ አጠገብ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቅቄ ቆምኩ።

«ይግቡ፣ አባ» አልኳቸው።

ገቡ።